የፔት ማከሚያ ማክሮ፦ ዒላማ መምረጫ መንገዶቹ ሲነጻጸሩ

በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ ጨዋታ ፔትን (ከተጫዋቹ ጎን የሚዋጋ አውሬ ወይም ፍጡር) ማከምን አስቸጋሪ የሚያደርገው የዒላማ ግጭት ነው። ዓይናችሁም ዒላማችሁም ጠላቱ ላይ ነው፤ ሄሉ (ጤና የሚመልሰው ስፔል፣ ማለትም አስማት) ግን ፔቱ ላይ ማረፍ አለበት። በእጅ ከተሠራ ፔቱን መምረጥ፣ ሄሉን መጫን፣ ከዚያ ተመልሶ ጠላቱን መያዝ ይጠይቃል። ማክሮ (አስቀድሞ የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር) ሦስቱን ወደ አንድ ቁልፍ ያሳጥራቸዋል። ችግሩ ማክሮው ፔቱን የሚያገኝበት መንገድ ከአንድ በላይ መሆኑ ነው፤ የራሱ ፔት ላለው ሀንተር የሚበጀው ሌሎችን ለሚያክም ፕሪስት አይበጅም፣ ሁለት ሰው ሲጫወት የሚያስደስተው ደግሞ 40 ሰው ባለበት ሬይድ ውስጥ ሰው ያስጨርሳል።

ለቸኮለ አንባቢ ምክራችንን እናስቀድም። የራሱን ፔት ብቻ የሚያክም ሀንተር ወይም ዋርሎክ ከሆናችሁ የዒላማ ማክሮ ጨርሶ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ የሚያስፈልጋችሁ ሌላ ዓይነት ማክሮ ነው። የሌላ ሰው ፔት የምታክሙ ሄለሮች ከሆናችሁ መሠረቱ ማውስኦቨር (ማውሱ ያረፈበትን ማከም) ይሁን፣ ከኋላው የጠላት ዒላማን (ጠላቱ የሚመታውን ማከም) ደግፉበት። ከአንድ ሀንተር ጋር ብቻ ለሁለት የምትጫወቱ ከሆነ የቡድን ቁጥር ከሁሉም ይቀላል። ዒላማ ቀይሮ የሚመለሰውን አሮጌ ማክሮ ተዉት።

ከመጻፋችሁ በፊት

እዚህ የምናወራው ደረጃው እስከ 60 ስለሆነው ክላሲክ ኢራ ነው፤ ሌሎቹ ቨርዥኖች ሲለዩ እንጠቅሳለን። የማክሮ መስኮቱ /ማክሮ ብላችሁ ቻት ላይ ስትጽፉ ይከፈታል። ሁለት ገጽ አለው፤ አንደኛው ለአካውንቱ ገጸ ባሕርያት ሁሉ የሚሠራ፣ ሁለተኛው ለዚያ ገጸ ባሕርይ ብቻ። የፔት ማክሮ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይቀመጥ፤ ለፕሪስት የተጻፈ ማክሮ ለዋሪየር ምንም አይረባም። አዲስ በሉ፣ ስም ስጡ፣ ምስሉን ቀይዋን የጥያቄ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ጽፋችሁ ወደ አክሽን ባር (ማያ ገጹ ግርጌ ወዳለው የስፔል ረድፍ) ጎትቱ። አንድ ማክሮ 255 ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ይይዛል፤ ክፍተትም ይቆጠራል። ውጊያ ውስጥ ሆኖ ማክሮ ማረም ስለማይቻል ቀድማችሁ ጨርሱ።

ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን እንደ ድምፃቸው አስፍረናቸዋል፤ ጨዋታው ውስጥ ስታስገቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ማውስኦቨር፣ ታርጌትታርጌት፣ ፓርቲፔት፣ ኖዴድ፣ ኖፔት ሁሉም ያለ ክፍተት እንደ አንድ ቃል ይጻፋሉ። በቅንፍ ውስጥ ያሉት ቃላት በትንሽ ፊደል መሆን አለባቸው፤ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ ካደረጋችሁት ማክሮው ስሕተት ይላል። ስልክ ላይ ወይም ሌላ ቦታ ጽፎ ለሚገለብጥ ሰው ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ አለን፦ የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ከረሳችሁት ነጠላ ሰረዙና ድርብ ሰረዙ የእኛው ምልክቶች ሆነው ይገባሉ፣ ጨዋታውም አያውቃቸውም። ኮማውና ሴሚኮለኑ የእንግሊዝኛው መሆኑን አረጋግጡ።

ጀርመን ወይም ፈረንሳይ ሆናችሁ ጨዋታውን በአገሩ ቋንቋ የምትጫወቱ ከሆነ /ካስት የመሰለው ትእዛዝና በቅንፍ ውስጥ ያሉት ቃላት በእንግሊዝኛ ይሠራሉ፤ የስፔሉ ስም ግን ጨዋታው በሚያሳየው ቋንቋ መጻፍ አለበት። ከእንግሊዝኛ ገጽ የተገለበጠ ማክሮ እዚያ ዝም ብሎ የሚቀረው በዚህ ነው።

የማክሮ ሰዋስው አጭር ነው። በአንድ ቅንፍ ውስጥ በኮማ የተለያዩት ሁሉም መሟላት አለባቸው። ቅንፎች ሲደረደሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይፈተሻሉ፣ መጀመሪያ የተሟላው ይወሰዳል። ሴሚኮለን «ካልሆነ» ማለት ነው። ባዶ ቅንፍ ሁልጊዜ ይሟላል፤ ያላችሁን ተራ ዒላማ ይወስዳል። ከ@ ቀጥሎ የሚመጣው ስፔሉ የሚያርፍበት ነው፤ ዒላማችሁን አይነካም። ይኼ የመጨረሻው ነጥብ የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው፤ ጥሩ የፔት ማክሮ ጠላቱን ከእጃችሁ ሳያስለቅቅ ያክማል።

ማክሮ የማይችለውንም እወቁ። የማንንም ጤና አይቶ አይወስንም፤ «በጣም የተጎዳውን ፔት አክም» የሚል ማክሮ የለም። አንድ ጊዜ ሲጫን ደግሞ የጋራውን የ1.5 ሰከንድ ዕረፍት የሚቀሰቅስ ስፔል አንድ ብቻ ይሠራል። ሁለት ሄል ደርድራችሁ አንድ ጊዜ ብትጫኑ ሁለቱም አይወጡም።

የራሳችሁ ፔት ከሆነ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ባልጠፋ ነገር ይደክማል። የሀንተሩ ሜንድ ፔትና የዋርሎኩ ሄልዝ ፈነል በተፈጥሯቸው የራስን ፔት ብቻ ነው የሚያክሙት። ዒላማችሁ ማንም ይሁን ማን ወደ ፔታችሁ ይሄዳሉ። ስለዚህ [@ፔት] መጨመር ጥቅም የለውም፤ ከ255ቱ ቦታ ይወስዳል እንጂ። ማክሮ የሚያስፈልጋችሁ ለሌላ ነገር ነው፦ ቻነሉ (ቆማችሁ ሳታቋርጡ የምታስኬዱት ስፔል) እንዳይቋረጥ፣ ፔቱ ሲሞት ቁልፍ እንዳትፈልጉ፣ ፔቱ ከርቀት ውጭ ሆኖ እንዳይቀር።

በክላሲክ ኢራ ሜንድ ፔት በደረጃ 12 ይገኛል፤ ፔት ራሱ የሚገኘው በ10 ስለሆነ መሀል ላይ ያሉት ሁለት ደረጃዎች በባንዴጅ ነው የሚታለፉት። ስፔሉ 5 ሰከንድ የሚቆይ ቻነል ነው፣ ርቀቱም 20 ያርድ። ሀንተር ከዚያ ርቆ ስለሚተኩስ ፔቱን ለማከም ወደ ፊት መጠጋት አለበት፤ «ከርቀት ውጭ» የሚለው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። የመጀመሪያው ራንክ (የስፔሉ እርከን) በ50 ማና (ስፔል የሚበላው ጉልበት) 100 ጤና ይመልሳል፣ ሰባተኛው በ480 ማና 1225። አስሉት፤ ትልቁ ራንክ ለአንድ ማና 2.5 ገደማ ሲሰጥ ትንሹ 2 ነው የሚሰጠው። ፕሪስቶች ማና ለመቆጠብ ዝቅተኛ ራንክ ይጠቀማሉ፤ ሀንተር ያንን ልማድ ከወሰደ ይከስራል። ዝቅተኛ ራንክ የሚያስፈልገው ፔቱ ትንሽ ብቻ ሲጎዳና ትልቁ ሊባክን ሲሆን ነው።

የቻነል ትልቁ ጠላት የጭንቀት ጣት ነው። ፔቱ ሲወርድ ቁልፉን ደጋግማችሁ ስትጫኑ ቻነሉ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ይቋረጥና እንደ አዲስ ይጀምራል፣ 480 ማናም እንደገና ይቀነሳል። መከላከያው ይኼ ነው፦

#ሾውቱልቲፕ ሜንድ ፔት
/ካስት [ሞድ:አልት][@ፔት,ዴድ] ሪቫይቭ ፔት; [ኖፔት] ኮል ፔት; [ኖቻነሊንግ:ሜንድ ፔት] ሜንድ ፔት

ሲነበብ፦ አልት ተይዞ ከሆነ ወይም ፔቱ ሞቶ ከሆነ አስነሳው፤ ፔት ከሌለ ጥራው፤ ካለ ደግሞ ሜንድ ፔት ካልጀመርክ ጀምር። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። የሞተው መጀመሪያ መፈተሽ አለበት፤ አለበለዚያ ማክሮው ወደ ጥሪ ሊያመራ ይችላል። አልት ለምን ገባ? ፔቱ ሞቶ ሬሳው ከጠፋ ወይም እናንተ ርቃችሁ ከሄዳችሁ ጨዋታው ፔት የሚባል ነገር አያይም፤ ማክሮው ሊጠራው ይሞክራል፣ «ፔትህ ሞቷል» ይባላል፣ በዚያው ተጣብቆ ይቀራል። አልት ይዞ መጫን ከዚህ ያወጣችኋል። ማስነሳቱ 10 ሰከንድ ይፈጃል፤ ፔቱ የሚነሳውም በ15 በመቶ ጤና ስለሆነ ወዲያው ያንኑ ቁልፍ አልት ሳትይዙ ተጫኑ።

አልትን የመረጥነው በምክንያት ነው። ቁልፋችሁ የቁጥር ቁልፍ ከሆነ ሺፍትና ቁጥር የአክሽን ባሩን ገጽ ይቀይራል፣ ኮንትሮልና ቁጥር ደግሞ የፔት ባሩን ይጫናል፤ ሁለቱም ጨዋታው ሲጫን ጀምሮ የተያዙ ናቸው። ማክሮ ውስጥ ሞድ:ሺፍት ጽፎ «አልሠራልኝም» የሚል ሰው መጀመሪያ የቁልፍ ምደባውን ገጽ ይክፈት።

ፔቱን ወደ ኋላ ስቦ ማከም ስትፈልጉ የፔት ትእዛዝ የጋራውን ዕረፍት አይቀሰቅስም፣ ስለዚህ ከሄሉ ጋር በአንድ ማክሮ ይኖራል፦

/ፔትፎሎው
/ካስት [ኖቻነሊንግ:ሜንድ ፔት] ሜንድ ፔት

ፔቱ ወደ እናንተ ሲሮጥ 20 ያርዱ ውስጥ ይገባል። ግን ጠላቱም ተከትሎት እንደሚመጣ አትርሱ። ፔቱ እየታገለ ባለበት ላይ ማከም የሚሻል ከሆነ የመጀመሪያው መስመር ይውጣ። ሁለቱንም በሁለት ቁልፍ መያዝ የተሻለ ነው እንላለን።

[@ፔት] እውነተኛ ሥራ የሚሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ ባንዴጅ። ባንዴጅ ማንም ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ዒላማ ይፈልጋል፦

/ዩዝ [@ፔት,ኖዴድ] ሄቪ ሩንክሎዝ ባንዴጅ

ይህ ባንዴጅ በ8 ሰከንድ 2000 ጤና ይመልሳል፣ ማና አይበላም። ፔቱ ላይ ግን አንድ ደቂቃ የሚቆይ ምልክት ይቀራል፤ እስኪያልፍ ድረስ ሌላ ባንዴጅ አይያዝለትም። ርቀቱ 15 ያርድ ነው፣ ከሜንድ ፔትም ያጥራል። እናንተ ከተንቀሳቀሳችሁ ወይም እናንተን የመታ ነገር ካለ ይቋረጣል። ማናው ያለቀበት ሀንተር ይህን ማክሮ ባሩ ላይ ቢያደርግ ብዙ ፔት ይተርፋል፤ የሚጠቀምበት ሰው ማነሱ ያሳዝናል።

በርኒንግ ክሩሴድ ላይ ለምትጫወቱ ነገሩ ይቀላል። ሜንድ ፔት እዚያ ቻነል መሆኑ ቀርቶ ወዲያው ተጭኖ በ15 ሰከንድ ውስጥ የሚያክም ስፔል ሆኗል። ኖቻነሊንግ የሚለውን ክፍል አውጡት፤ ከጫናችሁት በኋላ መተኮሳችሁን ትቀጥላላችሁ።

የሌላ ሰው ፔት ከሆነ

ፕሪስት፣ ድሩይድ፣ ፓላዲንና ሻማን ላይ ምርጫው እውነተኛ ምርጫ ይሆናል። አምስት መንገድ አለ፣ ግን እኩል አይደሉም።

ማውስኦቨር

#ሾውቱልቲፕ ፍላሽ ሄል
/ካስት [@ማውስኦቨር,ሄልፕ,ኖዴድ][ሄልፕ,ኖዴድ][@ፕሌየር] ፍላሽ ሄል

ማውሱ ያረፈበት ወዳጅና ሕያው ከሆነ እሱን ያክማል፤ ካልሆነ ዒላማችሁ ወዳጅ ከሆነ እሱን፤ ካልሆነ እናንተን። ዒላማችሁ ጠላቱ ላይ እንዳለ ይቀራል። ከየትኛውም ፔት፣ ከየትኛውም ሰው ጋር ይሠራል፤ ቡድኑ ሲቀያየር አንዲት ፊደል መለወጥ አያስፈልግም። ለሄለር ሌላ ምንም ባይማር ይህን ይማር የምንለው ለዚህ ነው።

እንዲሠራ ግን ማውሱ የሚያርፍበት ነገር ያስፈልገዋል። ድመት ወይም ተኩላ ከትልቅ አውሬ እግር ሥር ገብቶ ሲዋጋ አካሉን በማውስ ማግኘት አይታሰብም። የሚያዋጣው ፍሬሙ (ስሙና ጤናው የሚታይበት ሳጥን) ነው። በፓርቲ ውስጥ የፔት ፍሬሞች እንዲታዩ ከኢንተርፌስ ምርጫዎች አብሩ፤ ሬይድ ፍሬም የምትጠቀሙ ከሆነ በሬይድ ፕሮፋይሎች ገጽ ላይ ፔቶችን አሳይ የሚለውን ምልክት አድርጉ። ከዚያ የማውሱ ጫፍ የፔቱ ሳጥን ላይ ሲያርፍ ቁልፉን ተጫኑ።

ብዙ ሰው ማውስኦቨርን ሞክሮ የሚጥለው በሦስት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ማክሮውን ባሩ ላይ በማውስ መጫን ነው። ማውሱ ባሩ ላይ ከሆነ ፔቱ ላይ የለም፤ ይህ ማክሮ በኪቦርድ ወይም በማውሱ የጎን ቁልፍ መጠራት አለበት። ሁለተኛው የቀኝ ማውስ ቁልፍን ይዞ ካሜራ ማዞር ነው፤ በዚያች ቅጽበት የማውሱ ጫፍ ስለሚሰወር ማክሮው ፔቱን አያገኝም፣ ወደ ሁለተኛው ቅንፍ ይወርዳል። ሦስተኛውና ተንኮለኛው ሄልፕ የሚለውን ቃል መርሳት ነው። [@ማውስኦቨር,ኖዴድ] ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ማውሱ ባዶ መሬት ላይ ሆኖም ቅንፉ ይሟላል፤ የሌለ ነገር «የሞተ» አይባልምና። ስፔሉ ወደሌለ ዒላማ ይሄዳል፣ ምንም አይሆንም፣ ማክሮውም ወደ ቀጣዩ ቅንፍ አያልፍም። ሄልፕ ሲኖር ግን ዒላማው መኖርም ወዳጅ መሆንም ግድ ነው።

አንድ የሚያስጠነቅቅ ነገር፦ ማውሱ ሁልጊዜ ቅድሚያ አለው። ታንኩን (የጠላትን ምት የሚቀበለውን ተጫዋች) ዒላማ አድርጋችሁ ማውሱ ግን በስሕተት ድመቷ ሳጥን ላይ ተኝቶ ከቀረ ሄሉ ወደ ድመቷ ነው። ሄል በማታደርጉበት ጊዜ ማውሱን ከፍሬሞቹ አርቃችሁ ባዶ ቦታ ማሳረፍ ይለመድ።

የጠላት ዒላማ

#ሾውቱልቲፕ ፍላሽ ሄል
/ካስት [@ታርጌትታርጌት,ሄልፕ,ኖዴድ][ሄልፕ,ኖዴድ][@ፕሌየር] ፍላሽ ሄል

ጠላቱን ዒላማ አድርጋችሁ እሱ የሚመታውን ማከም ማለት ነው። ፔቱ ታንክ ሲሆን ሄሉ ፔቱ ላይ ያርፋል፤ ጠላቱ ወደ እናንተ ሲዞር እናንተ ላይ ያርፋል። ማውስ ማንቀሳቀስ የለም፣ ስም መጻፍ የለም። ሀንተርና ፕሪስት ለሁለት ደረጃ ሲያሳድጉ ከዚህ የሚፈጥን አናውቅም፤ ፕሪስቱ በዚያው ዒላማ ላይ ዋንዱን እየተኮሰ ያክማል።

ድክመቱ የሚታየው ጠላቶች ሲበዙ ነው። እናንተ የያዛችሁት ጠላት ሀንተሩን እየመታ፣ ፔቱን ግን ሌሎች ሁለት እየበሉት ሊሆን ይችላል፤ ማክሮው ሀንተሩን ያክማል። ጠላቱ ስፔል ሊጥልበት ለአፍታ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ቁልፉን ከጫናችሁት ሄሉ ወደዚያ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ብቻውን አታቁሙት፤ ከማውስኦቨር ኋላ አስቀምጡት፦

/ካስት [@ማውስኦቨር,ሄልፕ,ኖዴድ][ሄልፕ,ኖዴድ][@ታርጌትታርጌት,ሄልፕ,ኖዴድ][@ፕሌየር] ፍላሽ ሄል

ለአምስት ሰው ዳንጀን የምንመክረው ይህንን ነው። ማውስ ካለ ማውስ፣ ወዳጅ ዒላማ ካለ እሱ፣ ጠላት ይዛችሁ ከሆነ እሱ የሚመታው፣ ሁሉም ከሌለ እናንተ። ከ255ቱ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

የቡድን ቁጥር

/ካስት [@ፓርቲፔት1,ሄልፕ,ኖዴድ] ሪኒው

የቡድኑን የመጀመሪያ አባል ፔት ያክማል፤ እስከ ፓርቲፔት4 ይሄዳል። ሁለት ብቻ ስትሆኑ ባልደረባችሁ ሁልጊዜ ቁጥር 1 ነው፣ ማክሮው አይስትም። ሦስተኛ ሰው ሲገባ ወይም አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲተካ ግን ቁጥሮቹ ይዛወራሉ፤ ትናንት የድመቷ የነበረው ቁልፍ ዛሬ የዋርሎኩን ኢምፕ ያክማል። ሬይድ ውስጥ ደግሞ ፓርቲ የሚለው የራሳችሁን ንዑስ ቡድን ብቻ ስለሚያይ ሌላ ቡድን ውስጥ ያለውን ሀንተር አያገኘውም።

ቋሚ ባልደረባ ላለው ሰው የሚሻለው የሰውዬውን ስም ከሰረዝ (-) ጋር መጻፍ ነው፦ @ ከዚያ የባለቤቱ ስም፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ፔት። ባለቤቱ ቡድናችሁ ውስጥ እስካለ ድረስ ቁጥሩ ቢዛወርም ፔቱ ይገኛል። ሰረዙ ከተረሳ ጨዋታው ሁሉንም አንድ ስም አድርጎ ስለሚወስደው ማንንም አያገኝም።

ፎከስ

ፎከስ ማለት ከተራው ዒላማ ጎን ሁለተኛ ዒላማ መያዝ ነው። /ፎከስ ብላችሁ ፔቱን ትይዛላችሁ፣ ማክሮው ውስጥ [@ፎከስ,ሄልፕ,ኖዴድ] ትላላችሁ፣ አለቀ። ነገር ግን ክላሲክ ኢራ ላይ ፎከስ የሚባል ነገር የለም፤ ከበርኒንግ ክሩሴድ ጀምሮ ባሉት ቨርዥኖች ብቻ ነው የሚሠራው። የ60ን ጨዋታ የሚጫወት ሰው ከሌላ ቨርዥን ገልብጦት ለምን እንደማይሠራ ሲጨነቅ እናያለን። ባለበትም ቨርዥን አንድ ፎከስ ብቻ ነው ያላችሁ፤ ታንኩን ወይም የምታስተኙትን ጠላት ለመያዝ ከፈለጋችሁት ለፔት ማባከኑ አያዋጣም። ፔቱ ሞቶ ወይም ተሰናብቶ ሲመለስ ፎከሱ መኖሩን ፈትሹ።

ዒላማ ቀይሮ መመለስ

/ታርጌት ብሎ ፔቱን በስም መያዝ፣ ማከም፣ ከዚያ /ታርጌትላስትታርጌት ብሎ መመለስ ድሮ የተለመደ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ሲዘዋወር ይታያል። ችግሩ /ታርጌት የስሙን ከፊል ብቻ ካገኘም ይበቃዋል። ሀንተሩ ፔቱን ስም ካላወጣለት ስሙ የዘሩ ስም ነው፤ ተኩላ ከሆነ «ወልፍ» ይባላል። ጫካው ውስጥ ያሉት የዱር ተኩላዎችም ስማቸው ውስጥ ያው ቃል አለ። ማክሮው ቀርቦ ያገኘውን የዱር ተኩላ ይይዝና ሄሉ አይወጣም፣ ወይም ራስ ላይ ያርፋል፤ እናንተ ደግሞ ያልፈለጋችሁት ጠላት በእጃችሁ ይቀራል። /ታርጌትኤግዛክት ሙሉ ስሙን ብቻ ስለሚቀበል ይሻላል፣ ግን ዒላማ መቀየሩ ራሱ ተራ ምቱን ያስቆማል። @ ይህን ሁሉ ያለ ጣጣ ስለሚሠራ ይህን መንገድ የምንመርጥበት ምክንያት አላገኘንም።

ሲበላሽ ምን እንፈትሽ

ሄሉ ሁልጊዜ ራሳችሁ ላይ ካረፈ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በራስ ላይ ካስት የሚለው ምርጫ ነው። ሲበራ፣ ዒላማችሁ ጠላት ከሆነና ማክሮው ሌላ ካልነገረው ጨዋታው ሄሉን ወደ እናንተ ያዞረዋል። ይህ በራሱ ጥሩ ነገር ነው፣ አታጥፉት፤ ምልክትነቱ ግን ቅንፋችሁ እንዳልተሟላ ነው። ሲጠፋ ደግሞ የማውሱ ጫፍ የሚያበራ እጅ ሆኖ ዒላማ እስክትነኩ ይጠብቃል። ለሄለሮች ሌላ ወጥመድ፦ አልት በጨዋታው ቅንብር ራስን የማከሚያ ቁልፍ ነው፤ ለሀንተሩ የመከርነውን አልት እናንተ ለፔት ሄል አትጠቀሙበት።

ራንክ የምትጽፉ ከሆነ ከስፔሉ ስም ጋር ሳይለያይ በቅንፍ ይገባል፣ ፍላሽ ሄል(ራንክ 4) እንደማለት። ራንክ ካልተጻፈ የምታውቁት ትልቁ ይወጣል፤ ደረጃ ስታሳድጉም ራሱ ይታደሳል። በራንክ የጻፋችሁትን ግን አሠልጣኙ ጋ በሄዳችሁ ቁጥር ራሳችሁ ማደስ አለባችሁ።

ከአዲስ አበባም ሆነ ከዱባይ አውሮፓ ወዳለ ሰርቨር ስትገቡ የኔትወርኩ መዘግየት ይሰማችኋል፤ ፔቱ ፍሬሙ ላይ ከሚታየው በላይ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ማውስኦቨር እዚህ ላይ ይረዳል፤ ዒላማው የሚወሰነው ቁልፉን በተጫናችሁበት ቅጽበት ነውና ስፔሉ እየተጣለ ማውሱን ወደ ሌላ ሳጥን ብታሳልፉትም ሄሉ አይሳሳትም። ስለዚህ አንዱ እየወጣ ቀጣዩን ማነጣጠር ትችላላችሁ። ዘግይቶ ስለሚታይ ደግሞ ፔቱ ግማሽ ሲደርስ ጀምሩ፣ ሩብ እስኪቀር አትጠብቁ።

ኪቦርዱ ወይም ሌላ ፕሮግራም በራሱ እየደጋገመ እንዲጫንላችሁ ማድረግ የጨዋታው ማክሮ አይደለም። ብሊዛርድ ይህን ይከለክላል፤ አንድ ጭነትን ወደ ብዙ አካውንት የሚያስተላልፉ ፕሮግራሞችንም በ2020 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ከልክሏል። ከላይ ያሉት ማክሮዎች ሁሉ በጨዋታው በራሱ መስኮት የሚጻፉ ስለሆኑ የሚያሰጋ ነገር የለባቸውም።

ባለ አራት ቅንፉን ማክሮ ዳንጀን ከመግባታችሁ በፊት ከአንድ ሀንተር ጋር ሜዳ ላይ ሞክሩት። ጠላት ዒላማ አድርጉ፣ ማውሱን ፔቱ ሳጥን ላይ አሳርፉ፣ ተጫኑ፤ ሄሉ ፔቱ ላይ አርፎ የጠላቱ ምስል ከላይ ካልተለወጠ የመጀመሪያው ቅንፍ ደህና ነው። ማውሱን አንሡና ድገሙት፤ አሁን ጠላቱ የሚመታውን ማከም አለበት። ከዚያ ዒላማችሁን በኢስኬፕ ልቀቁና ሦስተኛ ጊዜ ተጫኑ፤ ራሳችሁ ላይ ማረፍ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከሳተ ስሕተቱ ያለው ያ ሙከራ በሚፈትሸው ቅንፍ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የጎደለ ኮማ ወይም በትልቅ ፊደል የተጻፈ ቃል ሆኖ ይገኛል።